የመንዝን አዙሪት ይዤ ባሕር ስሻገር

ሻንጣዬን ከማዘጋጀቴ በፊት ያዘጋጀሁት ሳጥኑን ነው። ሰማያዊ የፕላስቲክ ሳጥን ነው፤ ዙሪያውን በፕላስተር ጠመጠምኩት። ውስጡ ጣት የሚያካክሉ ብልቃጦች ተደርድረዋል፤ በየብልቃጡ አልኮል፣ በየአልኮሉ ደግሞ ከመንዝና ከግሼ በጎች አንጎል ያወጣሁት የከረጢት ቁራጭ። ልብስ የሚባል ነገር ትዝ ያለኝ በመጨረሻ ነው። እናቴ፣ "አንቺ ልጅ፣ የበግ በሽታ ተሸክመሽ ራቁትሽን ልትሄጂ ነው?" ብላ ሁለት ሹራብና አንድ ወፍራም የሱፍ ባና አጥፋ ጨመረችልኝ።

ከሞላሌ የወጣሁት ሊነጋጋ ሲል ነው። በዚያ የግጭት ሰሞን መንገዱ አንድ ቀን ቢከፈት ሦስት ቀን ይዘጋል፤ ስልኩም እንደዚያው። ሾፌሩ "ዛሬ ካልወረድኩ መቼ እንደምወርድ አላውቅም" ስላለ ሰው ሁሉ መናኸሪያው ላይ ቆሞ እርስ በርሱ ሳይነጋገር ይጠብቃል። ጉሙ ከመሬት አልተነሣም። አባቴ ሳጥኑን ለማንም አላስነካም፤ ራሱ ታቅፎት ቆመ።

"አስካለ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ" አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ፈረንጆቹ ለእኛ በግ ጭንቅላት ይህን ያህል የሚጨነቁት ምን ሊያገኙበት ነው?"

"አባባ፣ በሽታው እነሱም ጋ አለ። ገንዘቡ የአንድ ሰው አይደለም፤ የብዙ አገር ሕዝብ ከሚከፍለው ግብር የወጣ ነው። ጥናቱ ለሁላችንም እንዲሆን ተብሎ።"

"ለሁላችንም" አለ። ደገመው እንጂ አላመነኝም። "እንግዲህ አንቺ የምታውቂውን ታውቂያለሽ። ብቻ ሰው ሲጠይቀኝ የምመልሰው ነገር ስጪኝ።"

ያን ጊዜ የሚመልሰው ነገር አልሰጠሁትም። መኪናው ጥሩንባውን ነፋ፤ ጉንጩን ሳምኩት፤ ሳጥኑን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ።

ለማታውቁት ልንገራችሁ። አዙሪት የሚባለው በጉ አንገቱን አጣሞ በአንድ አቅጣጫ የሚዞርበት፣ መጨረሻ ላይ መጋጥ አቅቶት የሚሞትበት በሽታ ነው። ውሻ ሆድ ውስጥ የሚኖር ትል አለ፤ እንቁላሉ ከውሻው ሰገራ ጋር ሣር ላይ ይወድቃል፤ በጉ ከሣሩ ጋር ይበላዋል፤ ትሉ አንጎሉ ውስጥ ውኃ የቋጠረ ከረጢት ይሠራል። በጉ ሲሞት ወይም ሲታረድ ጭንቅላቱ ለውሻ ይጣላል፤ ውሻው ትሉን መልሶ ይወስደዋል። እኔ የወረዳ የእንስሳት ሐኪም ሆኜ ስሠራ ከሞላሌ እስከ ራቤል ያላየሁት በዚህ የተጎዳ ቤት የለም። ገብሱን ውርጭ ሲመታው ሰው የሚሸጠው በጉን ነው፤ በጉን አዙሪት ከወሰደው የሚሸጥ የለም። ስለዚህ የሁለት አገር ጥናት ሲጀመርና አንድ ተማሪ ከእኛ በኩል ሲፈለግ ሌላ ሰው እስኪቀድመኝ አልጠበቅሁም።

ጣርማ በር ሳንደርስ ኬላ ላይ ቆምን። ሁላችንም ወረድን። ሻንጣ ሁሉ ተፈታ። አንድ የታጠቀ፣ ፊቱ በብርድ የተሰነጣጠቀ ሰው ሳጥኔን በጫማው ጫፍ ነካ አደረገው።

"ምንድን ነው?"

"የበግ አንጎል" አልኩ።

"ምን አልሽ?"

"ከበግ አንጎል የወጣ ትል ነው። ለጥናት። ደብዳቤ አለኝ።"

ደብዳቤው ሦስት ማኅተም ነበረው፤ ሰውየው ግን ማኅተሙን አላየውም። "ክፈቺው" አለኝ። ፕላስተሩን በጥርሴ በጠስኩት። ከኋላዬ ያሉት ተሳፋሪዎች ወደኋላ ሲሸሹ ተሰማኝ፤ አንዷ ሴትዮ ማማተብ ጀመረች። ሰውየው አንድ ብልቃጥ አውጥቶ ወደ ብርሃን አነሣው። ብትወድቅ፣ ቢደፋት፣ ቢወስዳት የሁለት ዓመት ልፋቴ ነው። ረጅም ጊዜ አያት።

"አዙሪት ነው?" አለኝ በመጨረሻ።

"አዎ።"

"የእናቴን አምስት በግ ፈጀ።" ብልቃጧን ራሱ ወደ ቦታዋ መለሳት፤ ሲመልሳት እጁ ይጠነቀቅ ነበር። "ታድኛቸዋለሽ?"

"እሞክራለሁ።"

"እሞክራለሁ አትበይኝ" አለና እጁን ለሾፌሩ አወዛወዘ። ሄድን። ደብረ ብርሃን እስክንደርስ የሳጥኑን ክዳን በእጄ ተጭኜ ያዝኩት።

የደረስኩበት አገር ሰርዲኒያ ይባላል፤ በጣሊያን ሥር ያለች ደሴት ናት። አውሮፓ ሲባል ፎቅና ባቡር የሚታያችሁ ካላችሁ፣ እኔ ያገኘሁት ድንጋይ፣ ነፋስና በግ ነው። ከአውሮፕላን ማረፊያው ስንወጣ ኮረብታው ላይ መንጋ ተበትኖ፣ በድንጋይ ካብ የታጠረ ማሳ አይቼ መንዝ የተመለስኩ መሰለኝና አለቀስኩ። ባሕሩን ሳየው ነው የነቃሁት። እኛ ጋ ገደል በሚሆንበት ቦታ እነሱ ጋ ባሕር አለ። ነፋሳቸው ስም አለው፣ ማኤስትራሌ ይሉታል፤ እንደኛ ደረቅ ብርድ አይደለም፣ ጨው ይዞ አጥንት ውስጥ የሚገባ ነው። ደርቆ እንደ ብርጭቆ የሚሰበር ስስ ቂጣ አላቸው፤ እረኛ ይዞት ተራራ የሚወጣው ነው ሲሉኝ የእኛን በሶ አስታወሰኝ፤ ግን በሶ ያጠግባል።

ቋንቋቸውንስ ሳልማር ግማሹን ከሞላሌ መናኸሪያ ይዤው የመጣሁ ይመስል ነበር። ጎማ፣ ፍሬን፣ ፌርማታ፣ ማርሽ። ጉዴ የፈላው የመኖሪያ ፈቃድ ልጠይቅ የሄድኩ ጊዜ ነው። ፈቃዱን ፐርሜሶ ይሉታል። ከመስኮቱ ጀርባ ያለው ሰውዬ ወረቀቶቼን ገልብጦ፣ "ቦሎ የለሽም" አለኝ።

"ቦሎ?"

"ቦሎ! ያለ ቦሎ አላስተናግድም።"

እኛ አገር ቦሎ የሚለጠፈው መኪና ላይ ነው። "ጌታዬ፣ መኪና የለኝም። በእግሬ ነው የመጣሁት" አልኩት። ሰውዬው አጠገቡ ያለውን ባልደረባውን ጠርቶ ደገመለትና ሁለቱም ሳቁ። ለካ ማመልከቻ ላይ የሚለጠፍ የመንግሥት ቴምብር ነው። ገዝቼ ስመለስ ሥራዬን ጠየቀኝ።

"የበግ በሽታ አጠናለሁ።"

"ከኢትዮጵያ ድረስ? እዚህ ደሴት ላይ ከሰው በግ ይበዛል፤ በግ የሚያውቅ ሰው ጠፍቶ ነው አንቺ የመጣሽው?"

"በግ የሚያውቅማ ሞልቷል። ትሉን የሚያውቅ ነው የጠፋው።"

ማኅተሙን ድም አድርጎ መታልኝ። ፈቃዱ ግን ከጥናቱ ገንዘብ ጋር የታሰረ ነበር፤ ገንዘቡ ሲያልቅ እሱም ያልቃል።

ያከራየችኝ ሲኞራ ፒና የምትባል ባሏ የሞተባት፣ የቆመችበትን ወለል ደግማ የምትወለውል ሴት ናት። ገና በመጀመሪያው ሳምንት ኩሽና ውስጥ ያዘችኝ።

"ሥራሽ በትክክል ምንድን ነው? ሰው ይጠይቀኛል።"

ለካ ሰው አባቴን ብቻ ሳይሆን እሷንም ይጠይቃል። "የውሻ ሰገራ እመረምራለሁ" አልኳት።

መወልወያዋን አቆመች። "ለዚህ የሚከፍልሽ ማነው?"

"የተለያዩ አገሮች መንግሥታት። የእርስዎም ጭምር።"

"የእኔ ግብር? ለውሻ ሰገራ? እኔ ለዓይኔ ሐኪም ወረፋ ስጠብቅ ስንት ወር ሆነኝ!" አለችና ወደ ጣሪያው አንጋጣ የማርያምን ስም ጠራች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሥራ ስገባ እጄን እስክታጠብ በር ላይ ትጠብቀኝ ነበር። ሳቅሁባት፤ ነገር ግን ጥያቄዋ ጥያቄ ነው። እሷም ዓይኗ ያማታል።

ሥራው የሚመራው በዶክተር ሎሬንዛ ነው፤ ቀጭን፣ ፈጣን፣ ምሳዋን ቆማ የምትበላ ሴት። የምንፈልገው ውሻውን ሳንገድልና ሳንቀድድ ሰገራውን ብቻ ወስደን ትሉ እንዳለበት የሚነግረን፣ ገጠር ውስጥ መሠራት የሚችል ቀላል ምርመራ ነው። የመንዙ ትልና የደሴቱ ትል ይመሳሰሉ አይመሳሰሉ ሳይታወቅ ደግሞ ምርመራው አንዱ ቦታ ሠርቶ ሌላው ቦታ ሊዋሽ ይችላል። ለዚህ ነው የእኔ ብልቃጦች ያን ሁሉ መንገድ የመጡት።

ብልቃጦቹን የሞሉልኝ ሰዎች ደግሞ ስም አላቸው። ከመካከላቸው አንዷ እትዬ ወርቅነሽ ናቸው፤ ዘመሮ አጠገብ የሚኖሩ፣ ባላቸው ከሞተ ወዲህ መንጋውን ለብቻቸው የያዙ ሴት። የሞተውን በግ ጭንቅላት አውጥተው ሲሰጡኝ፣ "እኔ ውሻዬን አስሬአለሁ። የጎረቤትን ውሻ ምን ላድርገው?" ብለውኝ ነበር። ሄጄ አንድ ዓመት እንኳ ሳይሆነኝ ስልክ ደወሉ።

"አስኩ፣ ሰው የሚለውን ልንገርሽ? የበጎቻችንን ደም ሸጣ ነው የሄደችው ይላሉ። እኔ አይደለም ብያለሁ። ግን ባዶ እጄን ነው የምከራከርልሽ።"

"እትዬ፣ ውጤቱ ሲወጣ መጀመሪያ የሚሰሙት እርስዎ ነዎት።"

"እንደሱ በይ። እኔም እንደሱ እላቸዋለሁ።"

ከዚያ ስልኩ ጠፋ። የእሳቸው ብቻ አይደለም፣ የአካባቢው በሙሉ። አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት፣ ከዚያ ቁጥሩን ተውኩት። ጠዋት ስነሣ የምደውለው ለአባቴ ነው፤ "የደወሉላቸው ደንበኛ" ትለኛለች ያቺ ድምፅዋ በቴሌ የተቀዳ ሴትዮ፣ ከመሽኮርመም በቀር ምንም በማይሰማበት ድምፅ። አዲስ አበባ ያሉ ዘመዶቼ "ደህና ናቸው ይባላል" ይሉኛል። ይባላል። ስደተኛ የሆናችሁ ይህችን ቃል ታውቋታላችሁ።

በዚሁ መሃል ነው ሎሬንዛ በሩን ዘግታ ያስቀመጠችኝ። የጥናቱ ገንዘብ የሚያልቅበት ጊዜ ደርሷል፤ ይቀጥል አይቀጥል የሚወስን ኮሚቴ ሐሙስ ይመጣል፤ በየአገሩ ሕዝቡ "ገንዘባችን ለምን ውጭ ይሄዳል?" እያለ ስለሆነ ተስፋው ቀጭን ነው። ነገር ግን ሌላ መንገድ አለ አለችኝ። አንድ የእንስሳት መድኃኒት ድርጅት ምርመራውን ይፈልገዋል። እኔን ይቀጥረኛል፣ ፈቃዴም ይታደሳል። መልሱን አርብ ይፈልጋል።

የድርጅቱን ሰው አገኘሁት። ጨዋ ነው፣ ወንበር ስቦ ያስቀምጣል። ውሉን ገለበጥኩት።

"ይህ አንቀጽ ውጤቱን ለማንም እንዳልናገር ነው የሚለው?"

"ዕቃው ገበያ እስኪወጣ ድረስ።"

"ጭንቅላቱን ለሰጡኝ ገበሬዎችም?"

"ሲወጣ እነሱም ይገዛሉ" አለ፤ ክፋት አልነበረበትም፣ የዓለምን ሥርዓት እንደሚያስረዳኝ ሰው ነው። "አንቺም እኮ መኖር አለብሽ።"

ውሸት አላለም። ያን ሰሞን አገሬ ልግባ ብል የምገባበት መንገድ የለም፤ ልቆይ ብል የምቆይበት ወረቀት የለም። ብዕሩን አነሣሁት፤ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ስሜን ልጽፍ ነበር። "እስከ አርብ ይስጡኝ" ብዬ ወጣሁ።

ረቡዕ ከሎሬንዛ ጋር ናሙና ልንሰበስብ ተራራ ወጣን። ዚዮ ኤፊዚዮ የሚባሉ ሽማግሌ እረኛ አሉ፤ ዚዮ ማለት እንደኛ ጋሼ ነው። በዚያው ሳምንት አንድ ጠቦታቸው መዞር ጀምሮ አርደውታል። ውሾቻቸው ንጹሕ ናቸው፣ መድኃኒታቸውን በየጊዜው ይወስዳሉ። ታዲያ ከየት መጣ ስላቸው ዱላቸውን ወደ ሸለቆው ዘረጉ።

"የራሴን ውሻ አክሜአለሁ፤ የሌላውን ውሻ ምን ላድርገው?"

ሎሬንዛን አየኋት፤ እሷ ምንም አልመሰላትም። እኔ ግን አወቅሁት። ቃሉ የእትዬ ወርቅነሽ ነው። ሁለቱ ሰዎች አይተዋወቁም፣ በመካከላቸው ስንት በረሃና ባሕር አለ።

ሐሙስ ኮሚቴው ተቀመጠ። ሎሬንዛ በሥዕልና በሰንጠረዥ አቀረበች። ጥሩ አቀረበች። ከዚያ ሽበታም፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሰቀለ አንድ ሰው ወረቀቱን ወደ ጎን ገፍቶ በቀጥታ እኔን ጠየቀኝ።

"ሳይንሱ ጥሩ ነው፤ አልጠራጠርም። ግን ነገ አንዲት ጡረተኛ መንገድ ላይ ብታቆመኝና 'ግብሬን ለኢትዮጵያ በግ ለምን ሰጠህ?' ብትለኝ ምን ልበላት?"

ሲኞራ ፒና ከነመወልወያዋ ፊቴ ድቅን አለች። ያዘጋጀሁት መልስ ነበረኝ፤ በእንግሊዝኛ የተጻፈ፣ ቆንጆ። ጠፋኝ።

"ጥያቄው ተገቢ ነው" አልኩ። "አባቴም ጠይቆኝ አልመለስኩለትም። ትናንት ግን አንድ የእናንተ እረኛ መለሱልኝ። ሰው ለራሱ ውሻ መድኃኒት ይገዛል። ለጎረቤቱ ውሻ ግን አይገዛም፤ በሽታው የሚመጣው ደግሞ ከጎረቤት ነው። ድርጅትም አይገዛለትም፣ ምክንያቱም የሚከፍለው ሰው የለም። ያንን ውሻ ሊያክመው የሚችለው የሁላችንም የሆነ ገንዘብ ብቻ ነው። አገርና አገርም እንደዚሁ ጎረቤት ናቸው። ይህ ምርመራ መጀመሪያ ሲሠራ በእናንተ ደሴት ትል ላይ ብቻ ነበር፤ የመንዝ ትል ላይ ስንሞክረው ዋሸ። ለምን እንደዋሸ ስንፈልግ እዚህም አንዳንድ ውሾችን እያመለጠው እንደነበር አገኘን። ያንን ስህተት ያሳያችሁ በግ የመንዝ በግ ነው። ጡረተኛዋን እንዲህ ይበሏት፤ ግብርሽን ሰጥተሽ የራስሽን አገር ስህተት የሚያሳይሽ ገዝተሻል። ካልጣማት ደግሞ አድራሻዬን ይስጧት፤ እኔ ከአንዲት ጡረተኛ ጋር ነው የምኖረው፣ ለምጄዋለሁ።"

አንዷ ሴት ሳቀች። ሽበታሙ አልሳቀም። መነጽሩን አውርዶ አንድ ነገር ጻፈ፤ ምን እንደጻፈ እስካሁን አላውቅም።

አርብ ጠዋት ለድርጅቱ ሰው ደውዬ አልፈርምም አልኩት። "የኮሚቴውን ውሳኔ ሰምተሻል?" አለኝ። አልሰማሁም አልኩት። ሎሬንዛ ስትሰማ ወረቀት ወርውራ ከክፍሉ ወጣች። ፈርታልኝ እንደሆነ የገባኝ በኋላ ነው። ከዚያ በኋላ በመጡት ሳምንታት ሲኞራ ፒና እንኳ ምግብ እየተረፈኝ መሆኑን አይታ ሳትጠይቀኝ ሾርባ ታስቀምጥልኝ ጀመር።

መልሱ መጣ። ጥናቱ ይቀጥላል። የምርመራው አሠራር ማንም ሰው ያለ ክፍያ እንዲጠቀምበት ለሁሉ ይገለጣል። ቀጣዩ ሥራ ግን ደሴቱ ላይ ሳይሆን መንዝ ውስጥ መሠራት አለበት፤ ገንዘቡም ለዚያ ብቻ ነው። ሎሬንዛ አቅፋኝ ዘለለች፤ ወዲያው ሁለታችንም ቆምን። መንዝ መግቢያ የለም። የደሴቱን ሥራ ለመጠቅለያ ተብሎ ጥቂት ወር ፈቃድ ተጨመረልኝ፤ ያቺን እየቆረጥኩ ነው ይህን የምጽፍላችሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ስልኩ ሠራ። አባቴ ደህና ነው፤ እናቴ ደህና ናት። ስሜን እየደጋገመች ከማልቀስ በቀር ምንም አላወራችኝም። ወዲያው ለእትዬ ወርቅነሽ ደወልኩ። ዘመሮ ገበያ መሃል ነበሩ፤ ጫጫታው ይሰማኛል።

"እትዬ፣ ውጤቱ ወጥቷል።"

"እሰይ!" አሉ። "እኔ ግን በግ የለኝም፣ አስኩ። ሸጥኳቸው። በዚህ ጊዜ ማን ይጠብቃቸዋል?"

ቀጥለውም፣ "ቆይ፣ ድምፁን ላስጩኸው፤ እዚህ በግ ያላቸው ሰዎች አሉ። ቀስ ብለሽ ንገሪያቸው" አሉኝ። ለማላያቸው ሰዎች ተናገርኩ። የዞረ በግ ጭንቅላት ለውሻ እንዳይጣል፣ ጥልቅ ጉድጓድ ተቆፍሮ እንዲቀበር፣ ድንጋይ እንዲጫንበት። መድኃኒቱ ሲመጣ የአንድ ቤት ውሻ ብቻ ሳይሆን የቀበሌው ውሻ ሁሉ በአንድ ቀን እንዲወስድ።

"መድኃኒቱን የሚያመጣልን ማነው?" አለች የማላውቃት ሴት።

"ገንዘቡ ተፈቅዷል። መንገዱ ሲከፈት እኔ አመጣለሁ።"

"እስከዚያስ?"

"እስከዚያ ቅበሩት።"

"መቅበሩንስ እንቀብራለን" አለች፤ እንደ ቅሬታም እንደ ስምምነትም ነበር። እትዬ ወርቅነሽ ስልኩን መልሰው ጆሯቸው ላይ አደረጉት። "ይህችን የምታወራውን ከየት ናት አሉኝ። የሞላሌ ልጅ ናት አልኳቸው" አሉኝ። ከዚያ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ገብሱ፣ ስለ አንዲት ጎረቤታቸው መውለድ አወሩኝ። መቼ ትመጫለሽ እስኪሉኝ ስልኩን በሁለት እጄ ይዤ ጠበቅሁ። አልጠየቁኝም።